ሚክስህ ለምን እንደሚታፈን (ሞኒተር ስፒከር ከመግዛትህ በፊት አንብበው)

ወንድሜ ጥያቄህን አየሁት፣ «ድረም ኤንድ ቤዝ (ፈጣኑን የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ) መስራት ከጀመርኩ 4 ወር ሆነኝ፣ ድረሙም ቤዙም ለየብቻ ሲሰሙ አሪፍ ናቸው፣ አንድ ላይ ሲሆኑ ግን ይታፈናል፣ በስልክ ደሞ ቤዙ ጭራሽ የለም፣ ሞኒተር ስፒከር (የስቱዲዮውን) ልግዛ ወይስ ፕለጊን (ሙዚቃ መስሪያው ፕሮግራም ላይ የሚጨመረውን)?» ነው ያልከው አይደል። ለጊዜው ሁለቱንም አትግዛ። ትንሽ ይረዝማል፣ ሻይህን ይዘህ አንብበው።

እኔ እዚህ ጎንደር ማራኪ አካባቢ ቤት ተከራይቼ ስጀምር ክፍሌ 3 በ3 ነበረች፣ አልጋው አንዱን ግድግዳ፣ ቁምሳጥኑ ሌላውን ስለያዙት ወንበሬ የምትቀመጠው ልክ መሀል ላይ ነው፣ ከጓደኛዬ የተዋስኳቸውን ሁለት ስፒከሮች ፊቴ አድርጌ እሰራለሁ። ቤዙ አይሰማኝም። እጨምራለሁ። አሁንም አይሰማኝም፣ አሁንም እጨምራለሁ። በቃ ጨረስኩ ብዬ በፍላሽ ገልብጬ ጎረቤቴ ባጃጅ አለው እሱ ጋ ሄድኩና ከፒያሳ ወደ አዘዞ ስንሄድ ከፈትንላት። ኪክ (ወፍራሙ የድረም ምት) የለ ስኔር (ጯ የሚለው ምት) የለ፣ ዝም ብሎ ውውውውው፣ የባጃጇ ሸራ ሳይቀር ይንቀጠቀጣል። ሰውዬው ቀነስ አደረገና «ይሄ ዘፈኑ ነው ወይስ ሞተሬ ነው?» አለኝ። ከልቡ ነው የጠየቀኝ እኮ፣ ዳር ይዞ ሊያቆም ነበር።

ነገሩ ምን መሰለህ፣ ጥፋቱ የስፒከሩ አልነበረም፣ የክፍሉ ነው። የ57 ሄርዝ ድምፅ አንድ ሞገዱ 6 ሜትር አካባቢ ይረዝማል፣ ስለዚ 3 ሜትር በሚራራቁ ሁለት ግድግዳዎች መሀል ግማሹ ልክክ ብሎ ይገባል፣ ከግድግዳ ግድግዳ ሲላተም ግድግዳው ጋ ያብጣል መሀል ላይ ይጠፋል። የኛ ሙዚቃ ሰብ (የቤዙ የመጨረሻ ታችኛው ክፍል) ደሞ ባብዛኛው የሚቀመጠው ከ40 እስከ 60 ሄርዝ ባለው ውስጥ ነው። እኔ የተቀመጥኩት ድምፁ የሚሞትበት ቦታ ላይ ነበር ማለት ነው፣ ክፍሉ ካሬ ሲሆን ደሞ ይብሳል፣ በርዝመቱም በወርዱም ያው አንድ ድምፅ ነው የሚጠፋው። ካላመንክ ዛሬውኑ ሞክረው፣ ሲንትህ (ድምፅ የሚፈጥረው መሳሪያ) ላይ ሳይን ዌቭ፣ ንጹሁን ድምፅ፣ አድርገህ ኤ ኖት፣ 55 ሄርዝ ያለውን፣ ለቀህ ክፍልህ ውስጥ ዙር፣ ጥግ ስትደርስ ደረትህን ይመታሃል፣ መሀል ስትደርስ የት ገባ ትላለህ። ሞኒተር ብትገዛ ያንኑ ክፍል በውድ ዋጋ ነው የምትሰማው። ወንበርህን ከመሀል አንሳ፣ የሰብ ውሳኔህን ደሞ በደህና ሄድፎን ወስን፣ ሄድፎን ግድግዳ የለውም። መብራት ሲጠፋም በላፕቶፑ ባትሪ ትሰራለህ፣ እኔ ጥሩ ጥሩዎቹን የሰራሁት መብራት ጠፍቶ ነው።

አሁን ወደ መታፈኑ። ኪክና ቤዝ አንድ ወንበር ላይ ሊቀመጡ ነው የሚጣሉት። ጀማሪ እያለን የሀውስ ሙዚቃ ኪክ፣ ያ ረጅሙን ቡምምም የሚለውን እናመጣና በ174 ቢፒኤም (በደቂቃ 174 ምት) ላይ እንጭናለን፣ በዚህ ፍጥነት እኮ አንዷ ምት 345 ሚሊሰከንድ ብቻ ናት፣ ኪኩ ጅራቱን ሳይሰበስብ ስኔሩ ይደርስበታል። አጭር ኪክ ምረጥ። ቤዝህ ኤፍ ላይ ከሆነ ወደ 44 ሄርዝ ነው፣ ታቹን ለሱ ተውለትና የኪኩን ጡጫ ከ90 እስከ 100 ሄርዝ አካባቢ ፈልግ፣ ስኔሩ ደሞ ሰውነቱ 200 ሄርዝ አካባቢ ይሁን። ሌላው በሙሉ፣ ፓዱም (ከኋላ የሚዘረጋው ረጅም ድምፅ) ድምፃዊውም ማሲንቆውም ከ150 ሄርዝ በታች ብዙም ስራ የለውም፣ በኢኪው (ቀጭኑንና ወፍራሙን ድምፅ ለይቶ በሚቀንሰው) ቁረጠው አትዘንለት። ሶሎ (ለብቻው) አድርገህ ስትሰማው ቀጥኖ ያስጠላሃል፣ ሶሎ የሚሰማህ ግን አንተ ብቻ ነህ።

ሳይድቼይን (ኪኩ ሲመታ ቤዙን ለቅጽበት ዝቅ የሚያደርገው) ላይ ሪሊዙን፣ ቤዙ የሚመለስበትን ጊዜ፣ ከ80 እስከ 100 ሚሊሰከንድ ጀምር፣ ካስረዘምከው ቤዙ ተመልሶ ሳይመጣ ሌላ ምት ይመጣና የሚያነፍስ ጎማ ይመስላል።

ስለ ስልኩ፣ የስልክ ስፒከር 50 ሄርዝ የማውጣት አቅሙ የለውም፣ እስከ ነገ ብትጨምረው አይወጣም፣ ሚክስህን ታበላሻለህ እንጂ። የሚሰራው ቤዙን ኮፒ ማድረግ ነው፣ ኮፒውን በዲስቶርሽን አሻክረው፣ ከ150 በታች ያለውን ቆርጠህ ከዋናው ስር ቀስ አድርገህ ቀላቅለው፣ ጆሮ የላይኞቹን ድምፆች ሲሰማ የታችኛውን ራሱ ይሞላዋል። ዋናው ሰብ ግን ሞኖ (በግራም በቀኝም ያው አንድ ድምፅ) ይሁን፣ የሚያሰፋ ፕለጊን እንዳታስጠጋው።

አንድ ያቃጠለኝን ልንገርህ፣ ከበሮ የምትቀዱ ካላችሁ ለናንተም ነው። ባለፈው ዓመት ለጥምቀት ሰሞን ብዬ ከበሮ ቀድቼ በብሬኩ (በሚደጋገመው ድረም) ላይ ጫንኩት፣ ለሁለት ሳምንት ሰቡ ለምን እንደሚንቦጫረቅ አልገባኝም። ለካ ስቀዳ ላፕቶፑ ቻርጀር ላይ ነበር፣ የኛ መብራት 50 ሄርዝ ነው አይደል፣ ያቺ እምምም የምትለዋ ድምፅ ከከበሮው ጋ ተቀድታ በቀጥታ ቤዜ ሰፈር ገብታ ተኝታለች። ቻርጀሩን ነቅለህ ቅዳ፣ አለቀ። የከበሮው ሰፊው ፊት ደሞ ከኪኩ ጋ ይጋጫል፣ እኔ የጠባቡን ፊት ምት ነው ያስቀረሁት፣ ሰፊውን ኪክ ለሌለበት ለኢንትሮው ሰጠሁት፣ አሁን ሁሉም ሰው «ኢንትሮውን ወደድነው» ይለኛል፣ ሚክሱን ያደነቀልኝ ግን አንድም ሰው የለም።

ሌላው፣ ማስተር (ሁሉም ድምፅ የሚያልፍበት መጨረሻው ቻናል) ላይ ያለውን ሊሚተር (ድምፁ ጣሪያ እንዳያልፍ የሚጨፈልቀውን) አጥፋው፣ ጥፋትህን ይሸፍንብሃል። በኪክና ስኔር ጀምር፣ ከዛ ቤዝ፣ ሌላው በኋላ፣ ማስተሩ ከ-6 ዲቢ አይለፍ። የምትወደውን የሌላ ሰው ትራክ ፕሮጀክቱ ውስጥ አስገብተህ እያፈራረቅክ ስማ፣ ግን መጀመሪያ ቀንሰው፣ ማስተር የተደረገ (ለመውጣት ተጠናቆ ድምፁ ከፍ የተደረገ) ስለሆነ ይጮሃል፣ የጮኸ ሁሉ ደሞ ለጆሮ የተሻለ ይመስላል፣ እኔ በዚህ ስንት ሌሊት ተሸውጃለሁ። በትንሽ ድምፅ ስትሰማ ቤዝ የቀነሰ ይመስልሃል፣ ጆሮ ነው እንጂ ሚክሱ አይደለም፣ ስለዚ በትንሽም ከፍ አድርገህም ሳትሰማ ቤዙ ላይ እጅህን እንዳታሳርፍ።

ፕለጊኑ ይቆይህ፣ ከፕሮግራሙ ጋ የመጣው ኢኪው ይበቃሃል። ኪኩን ስኔሩንና ቤዙን ለየብቻ ዌቭ ፋይል አድርገህ እዚሁ ግሩፕ ላይ ጣላቸው፣ የቤዙን ኖትም ጻፍልኝ፣ ማታ ኔትወርክ ካለ አውርጄ አያቸዋለሁ።