ዴቶሉን ይተዉ፣ ቆዳውንም አይሳቡ

ጥያቄ፦ ልጄ 3 ዓመት ሊሞላው ነው፤ አልተገረዘም። ሰሞኑን የብልቱ ጫፍ ቀልቶ አብጧል፤ ሽንት ሲመጣበት እያለቀሰ ይይዘዋል። በየቀኑ በሳሙናና በዴቶል አጥበዋለሁ፤ ቆዳውን ስቤ ውስጡን ላጸዳ ስል ግን ይጮኻል። አያቱ «ዛሬውኑ ይገረዝ» ይላሉ። ምን ይሻላል? (እናት፣ ከድሬዳዋ)

መልስ፦ ሕክምናው የሚጀምረው በመተው ነው። ዴቶሉም ሳሙናውም ዛሬ ይቁም፤ ቆዳውም አይሳብ።

ሸለፈት ሕፃኑ ሲወለድ ከብልቱ ራስ ጋር የተጣበቀ ነው። የሚላቀቀው በራሱ ጊዜ፣ ቀስ እያለ ነው። በ3 ዓመቱ ያልተላቀቀለት ልጅ ብዙ ነው፤ እስከ ጉርምስና የሚዘገይም አለ። በጉልበት ሲሳብ ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁ ሲድን ጠባሳው እንደ ቀለበት ይጠብቃል፤ ለንጽሕና ተብሎ የተጀመረው ነገር በኋላ ቀዶ ሕክምና ይጠራል።

የሚያስቆጣው ብዙውን ጊዜ የተጠራቀመ ሽንት፣ ላብ፣ እርጥብ ዳይፐርና ተረፈ ሳሙና ነው። የድሬ ውሃ ማንቆርቆሪያ ላይ ነጭ ቅርፊት የሚተው ጠጣር ውሃ በመሆኑ ሳሙናን ጠርጎ አይወስድም፤ በዚያ ላይ ሙቀቱ አለ።

ሳፋ ውስጥ ክርንዎን የማያቃጥል ለብ ያለ ውሃ ይጨምሩና ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ያስቀምጡት፤ በቀን 2 ወይም 3 ጊዜ። ጨው፣ ሎሚ፣ ፌጦ ምንም አይግባ። ውሃ በጠፋ ቀን ከጀሪካኑ ንጹሕ ውሃ በጆግ ቀስ አድርጎ ማፍሰስም ይረዳል። ሲወጣ በለስላሳ ጨርቅ ጫን ጫን እያደረጉ ያድርቁት፤ አይፈትጉት። ከዚያ ስስ ቫዝሊን ከውጭ ብቻ። ሽንቱን ከፈራ ሳፋው ውስጥ ተቀምጦ ይሽና፤ ውሃው ማቃጠሉን ያቀልለታል። ውሃ በደንብ ይጠጣ፤ ሽንት ሲወፍር ይበልጥ ያቃጥላልና። ቤት ውስጥ ያለ ዳይፐር ይዋል። የጥጥ ፓንቱ በኦሞ ከታጠበ 2 ጊዜ ይለቅለቅ፤ በረኪና አይንካው።

በ2 ወይም 3 ቀን ካልቀለለው ይታይ። ደማቅ ቅላት በዙሪያው ነጠብጣብ እያፈራ ወደ ብሽሽት ከወረደ፣ በተለይ አንቲባዮቲክ ከወሰደ በኋላ ከሆነ፣ ፈንገስ ሊሆን ይችላል፤ ለዚህ የሚታዘዘው በአብዛኛው 1 በመቶ የክሎትሪማዞል ቅባት ነው፤ በቀን 2 ጊዜ፣ ለ7 ቀን ያህል። ቢጫ መግልና መጥፎ ሽታ ካለው ባክቴሪያ ነው የሚጠረጠረው፤ ሐኪም ይወስን። ፋርማሲ ሄዶ ሦስት መድኃኒት በአንድ ላይ የተደባለቀበትን ቅባት መግዛት የተለመደ ነው፤ ውስጡ ያለው ጠንካራ ስቴሮይድ (የቆዳ ቁጣ ማብረጃ መድኃኒት) የዚያን ቦታ ስስ ቆዳ ይጎዳል። ፈንገሱ እየተመላለሰ ልጁ ውሃ አብዝቶ የሚጠጣና አብዝቶ የሚሸና ከሆነ ስኳሩ ይለካ።

የማይጠብቀው ግን ይህ ነው፦ ቆዳው ወደ ኋላ ተስቦ አልመለስ ካለና ጫፉ ካበጠ፣ ለ8 ሰዓት ያህል ሽንት ካልመጣለት፣ ወይም ትኩሳት ይዞት ቅላቱ ወደ ብልቱ ግንድ ከወጣ በዚያው ሰዓት ወደ ድል ጮራ ሆስፒታል ይውሰዱት።

አያቱን በተመለከተ፦ መገረዙ የቤተሰቡ ውሳኔ ነው፤ በቆጣ ቆዳ ላይ ግን አይሆንም፤ ይደማል፣ ያመረቅዛል። መጀመሪያ ይዳን። ያን ጊዜም ባለሙያ የሽንት መውጫውን ይመልከት፤ ቀዳዳው ከጫፉ ሳይሆን ከሥር በኩል ከሆነ አይገረዝም፤ ሐኪሞቹ ለማስተካከል የሚጠቀሙት ያንኑ ሸለፈት ነውና።

ጥያቄ፦ የ2 ዓመቱ ልጄ ሸለፈት ሥር እንደ አይብ ፍርፋሪ ነጭ ነገር ይታያል፤ ሲሸናም ቆዳው እንደ ፊኛ ይነፋል። መግል ነው? (ከሐረር)

መልስ፦ አይደለም። ቆዳው ሲላቀቅ የተጠራቀመ የሞተ ሕዋስ ነው፤ ጊዜው ሲደርስ ራሱ ይወጣልና አይጭመቁት። መነፋቱም ቢሆን ሽንቱ ሳያሳምመው በደህና እስከወረደ ድረስ አያሳስብም። የሚያምጥ ወይም ሽንቱ የሚንጠባጠብ ከሆነ፣ አለዚያም ጫፉ ነጭና ደረቅ ሆኖ ከጠነከረ ይታይ፤ ያኔ ሐኪም ለጥቂት ሳምንታት የሚቀባ የስቴሮይድ ቅባት ሊሞክርለት ይችላል።