መካን ስለሚባሉ ላሞች፤ ለጀማሪ የእንስሳት ሐኪሞች

ሐረርን የሚያነሣ ሰው ስለ ሰንጋዋ ሳያወራ አያልፍም፤ ሰንጋውን ስለወለደችው ላም የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። በሐረርና በድሬዳዋ ዙሪያ ባሉ ገጠሮች በእንስሳት ሐኪምነት በሠራሁባቸው ዓመታት «ላሜ መከነች» የሚለውን አቤቱታ ያልሰማሁበት ሳምንት አልነበረም ማለት ይቻላል። ልጆቼ፣ ይህ ቃል የባለቤቱ አቤቱታ እንጂ የእናንተ የምርመራ ውጤት እንዳይሆን አደራ እላችኋለሁ።

ይህን የምለው ራሴ በድዬ ስለማውቅ ነው። ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት፣ ባቢሌ አካባቢ አንዲት እናት «ኮርማ መሻት ትታለች» ብለው ላማቸውን አመጡልኝ። ወረፋው ረዝሞ ነበርና ጓንት ማጥለቁ ታክቶኝ፣ ማህፀኗን ሳልዳስስ ፕሮስታግላንዲን፣ ባዶዋን ላም ኮርማ የሚያስሻ ያረገዘችውን ግን የሚያስወርድ ሆርሞን፣ ወጋኋት። ከጥቂት ቀናት በኋላ እኒያ እናት ከመዳፌ የማይበልጥ ጽንስ በጨርቅ ጠቅልለው ይዘው መጡ። ላሚቱ ኮርማ ያልሻችው አርግዛ ስለነበር ነው። ሴትዮዋ አልተቆጡኝም፤ «ልጄ፣ አሁንስ ትወልድ ይሆን?» ብቻ አሉኝ።

ስለዚህ ከመድኃኒቱ በፊት እጃችሁ ይግባ። የለመደ እጅ እርግዝናን ከ40 ቀን ገደማ ጀምሮ ይለያል። ማህፀኗ ባዶ ከሆነ ኦቫሪዎቿን (የእንቁላል ዕጢዎቿን) ዳስሱ፤ ሁለቱም ትንንሽና ለስላሳ ሆነው ኮርፐስ ሉቲየም (እንቁላል ከወጣ በኋላ በኦቫሪው ላይ የሚበቅለውን ቢጫ አካል) ካጣችሁባቸው ከ10 ቀን በኋላ ደግማችሁ ዳስሱ እንጂ በአንድ ቀን አትፍረዱ። የእኛ የዜቡ ዘር ላም ኮርማ የምትሻበት ሰዓት አጭር ነው፤ ብዙ ጊዜም ሌሊት ስለሚሆን ባለቤቱ «አትሻም» የሚለው ሳያያት ቀርቶ ሊሆን ይችላል።

ኦቫሪዋ በእርግጥ ተኝቶ ከሆነ ምክንያቱን ከግቢው ፈልጉ። ማሽላው ሲሳሳ የሚነቀለው ለጋ አገዳ ለሚደልበው በሬ ይቀርባል፤ ላሚቱ ትራፊውን ትለቃቅማለች፤ ጥጃዋም ቀን ከሌት ይጠባታል። የጎድን አጥንቷ ከሩቅ የሚቆጠር እመጫት ላም ሰውነቷ ለሌላ እርግዝና አይታዘዝም፤ በሆርሞን መርፌ ብትጎተጉቷትም ብዙውን ጊዜ የገበሬውን ገንዘብ ከማባከን አያልፍም። በአንድ ግቢ ውስጥ ሰንጋው እየሰባ እናቲቱ ስትመክን ስንት ጊዜ አይቻለሁ!

ኮርማ እየሻች የማትይዝ ላም ግን ሌላ ጉዳይ ናት፤ እዚህ ላይ ቀን መቁጠር ያስፈልጋል። ከ18 እስከ 24 ቀን ባለው ጊዜ የምትመለስ ከሆነ ወይ ጽንስ አልያዘችም፣ ወይ የያዘችው ገና በማለዳው ሞቷል። ከወር በላይ ቆይታ የምትመለስ ከሆነ ግን ይዛ የነበረው ኋላ ላይ እንደጠፋ ጠርጥሩ፤ በስሪያ ከኮርማ የሚተላለፉትን ትሪኮሞኒያሲስንና ካምፒሎባክተርንም አስቡ። ከአምስተኛው ወር በኋላ ካስወረደች፣ ይልቁንም የእንግዴ ልጁ ሳይወጣ ከቀረባት፣ ብሩሴሎሲስ የተባለው አስወራጅ በሽታ ከሐሳባችሁ አይውጣ። የደም ናሙናውን ሮዝ ቤንጋል በሚባለው የማጣሪያ ምርመራ አይታችሁ በሌላ ምርመራ አረጋግጡ፤ ጽንሱን በባዶ እጅ አትንኩ፤ ቤተሰቡም ወተቱን ሳያፈላ እንዳይጠጣ ንገሩ። በሽታው ወደ ሰው ይተላለፋልና።

ችግሩ የብዙ ላሞች ሲሆን ደግሞ ፊታችሁን ወደ ኮርማው አዙሩ። በኤረር ሸለቆ አራት ጎረቤታሞች በጋራ የሚጠቀሙበት አንድ ኮርማ ነበራቸው፤ ሻኛው የሚያስደንቅ፣ ግርማው የሚያስፈራ። ላሞቻቸው ኮርማ ካገኙ ከአምስት እስከ ስምንት ሳምንት ቆይተው ይመለሱ ነበር። ኮርማውን ስንጠራጠርበት ባለቤቱ እንደ ስድብ ቆጠሩት። በትሪኮሞናስ፣ ማለትም በትሪኮሞኒያሲስ ተውሳክ፣ የተያዘ ኮርማ ምንም የሕመም ምልክት ስለማያሳይ አልፈረድኩባቸውም። ኮርማውን ከስሪያ አግደን በየሳምንቱ የብልቱን ሽፋን እያጠብን ናሙና ወሰድን፤ የመጀመሪያውና ሁለተኛው ንጹሕ ሆኑ። በሦስተኛው ማይክሮስኮፑ ሥር እየተንቀጠቀጡ የሚዋኙትን ተውሳኮች አየናቸው፤ ባለቤቱንም ጠርቼ በዓይናቸው አሳየኋቸው።

ኮርማው ለሥጋ ተሸጠ፤ ላሞቹም ሦስት ወር ከኮርማ ርቀው ከከረሙ በኋላ አብዛኞቹ በሌላ ኮርማ ያዙ። እኔ ከመድረሴ በፊት «መካን» ተብለው ለሥጋ የተሸጡት ሁለቱ ጊደሮች ግን በዚያው ኮርማ የተሰረሩ ነበሩ።