ታብሌቱን ልግዛለት ወይስ ልተወው?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ፣ የአምዱ አዘጋጅ። የምኖረው አራት ኪሎ አካባቢ ሲሆን የበኩር ልጄ ዘንድሮ ዘጠነኛ ክፍል ገብቷል። «የክፍሉ ልጅ ሁሉ ታብሌት አለው» እያለ እንድገዛለት ይወተውተኛል። የቤት ሥራው በቴሌግራም ስለሚላክ ማታ ማታ ስልኬን የሚይዘው እሱ ነው። በቀደም ዕለት ከኋላው ቆሜ ብመለከት፣ ስልኩን የስኳር ጣሳ ላይ አስደግፎ፣ የሒሳብ ጥያቄውን ፎቶ አንሥቶ ቻትጂፒቲ ለተባለው የሰው ሠራሽ አስተውሎት ፕሮግራም ልኮ፣ የመጣለትን መልስ እንዳለ ደብተሩ ላይ ይገለብጣል። ስቆጣው «መምህሩ እኮ ልክ ነው ብሎ ያርምልኛል» አለኝ። በዚህ ጉዳይ የተሠሩ ጥናቶች ምን ይላሉ? ታብሌቱንስ ልግዛ?
(እናት፣ ከአራት ኪሎ)

መልስ፦ የተከበሩ እናታችን፣ ከሚገዛው ታብሌት ይልቅ ጣሳው ላይ የተደገፈው ስልክ ስለሚያሳስበኝ ከእሱ ልጀምር።

በቱርክ አንድ ሺህ ያህል የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የተሳተፉበትና በ2024 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነ ጥናት የልጅዎን ነገር በቅርብ ይመስላል። ተመራማሪዎቹ ተማሪዎቹን በሦስት ከፍለው፣ አንዱ ወገን የሒሳብ መልመጃውን በመጽሐፍና በደብተር ብቻ፣ ሁለተኛው የተጠየቀውን ሁሉ በሚመልስ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ፕሮግራም፣ ሦስተኛው ደግሞ መልሱን ሳይናገር ፍንጭ ብቻ እንዲሰጥ በተገራ ፕሮግራም እየታገዘ እንዲሠራ አደረጉ። በመልመጃው ላይ ሁለተኛው ወገን በደብተር ብቻ ከሠራው በ48 በመቶ፣ ሦስተኛው በ127 በመቶ በለጠ። ፕሮግራሙ ተነሥቶ ሁሉም ለብቻቸው ሲፈተኑ ግን ሁለተኛው ወገን ፕሮግራሙን ጨርሶ ካልተጠቀሙት በ17 በመቶ ዝቅ ብሎ ተገኘ። ፍንጭ ብቻ ያገኘው ወገን ከዚህ ጉዳት በአብዛኛው ቢተርፍም በፈተናው ከማንም አልበለጠም። እኔን ይበልጥ ያስገረመኝ ግን፣ ወደ ኋላ የቀሩት ተማሪዎች መቅረታቸው ለራሳቸው አለመታወቁ ነው። የእርስዎም ልጅ «ልክ ነው ተብያለሁ» ሲል ሊያታልልዎ ብሎ ላይሆን ይችላል፤ በደብተሩ ላይ የተደረደረውን ትክክል ምልክት ሲያይ የገባው መስሎት ይሆናል።

ወደ ታብሌቱ ስንመጣ፣ መሣሪያ ማደል ብቻውን ውጤት እንደማያመጣ በተደጋጋሚ ታይቷል። በፔሩ ገጠር ለአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች ላፕቶፕ በነፍስ ወከፍ ሲታደል፣ የታደለባቸውንና ያልታደለባቸውን 319 ትምህርት ቤቶች ያነጻጸረውና በ2012 እ.ኤ.አ. የወጣው ግምገማ በሒሳብም በቋንቋም ፈተና ላይ ለውጥ አላገኘም። እንደነዚያ ያሉ ላፕቶፖች በጥቂት ሺህዎች ወደ እኛም አገር መጥተው ነበር።

በአንጻሩ በዴልሂ ከተማ ከስድስተኛ እስከ ዘጠነኛ ክፍል ባሉ 619 ልጆች ላይ የተደረገው ጥናት ተስፋ ይሰጣል። ዕጣ የወጣላቸው ልጆች ከትምህርት ሰዓት ውጪ በነጻ እየተገኙ፣ ግማሹን ጊዜ ማይንድስፓርክ በተባለ የኮምፒውተር ፕሮግራም፣ ግማሹን በአስጠኚ ታግዘው ይማሩ ነበር፤ በአራት ወር ተኩል ውስጥም በሒሳብና በሂንዲ ቋንቋ ዕጣ ካልወጣላቸው እኩዮቻቸው ጉልህ ብልጫ አሳዩ። ምክንያቱ ይህ ሳይሆን አይቀርም፦ ፕሮግራሙ ልጁ በእርግጥ የት ላይ እንዳለ ፈትኖ ከዚያው ያስጀምረዋል። ስምንተኛ ክፍል የተቀመጠ ልጅ ክፍልፋይ ካልገባው፣ የሚቀርብለት የስምንተኛ ክፍል አልጀብራ ሳይሆን ክፍልፋይ ነው።

ይህን ሳነብ ትዝ ያለኝ የራሴ ጊዜ ነው። እኔ በ1990ዎቹ መጨረሻ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በገባው ፕላዝማ የተማርኩ ነኝ። ትምህርቱ በሳተላይት ለአገር ሁሉ በአንድ ሰዓት ስለሚሠራጭ የሚጠብቀው ሰው አልነበረም። የስክሪኗ መምህርት በእንግሊዝኛ «አሁን መልመጃውን ሥሩ» ትለናለች፤ እኛ ጥያቄውን ገልብጠን ሳንጨርስ መልሱን ትነግረንና «በጣም ጥሩ!» ብላ ታመሰግነናለች። ምን ሠርተን እንደተመሰገንን እስከ ዛሬ አላውቅም። መብራት የሄደ ዕለት ደግሞ ያ ክፍለ ጊዜ ሄደ ማለት ነው። መምህራችን አጠገቡ ቆሞ እያየ ምንም ማድረግ አይችልም ነበር፤ የዴልሂው ፕሮግራም ልጁን ሲከተል፣ የእኛን ፕላዝማ የምንከተለው እኛ ነበርን።

ስለዚህ ታብሌቱን ለጊዜው ቢያቆዩት ይሻላል ባይ ነኝ፤ ገንዘቡ ካለ ሒሳብ ለሚያስረዳው አስጠኚ ቢውል የበለጠ ይጠቅመዋል። ስልኩን በተመለከተ ግን ጨርሶ ከመከልከል ይልቅ ቅደም ተከተሉን ይለውጡት። መጀመሪያ ጥያቄውን ደብተሩ ላይ ይገልብጥና ስልኩን ለእርስዎ መልሶ ራሱ ይሞክር፤ የተሰናከለበትን መስመር ካሳየዎት በኋላ ስልኩን ይውሰድና «መልሱን አትንገረኝ፣ የቱ ጋ ነው የተሳሳትኩት?» ብሎ ይጠይቅ። ሲጨርስ ደብተሩን ዘግቶ አንዱን ጥያቄ በአማርኛ ያስረዳዎት፤ ሒሳቡን እርስዎ ባያውቁትም፣ የገባው ልጅና ያልገባው ልጅ ሲናገሩ ይለያሉ። ረጅም ንባብ ሲሆን የታተመውን መጽሐፍ ይያዝ፤ ከ170,000 በላይ ሰዎች የተሳተፉባቸውን 54 ጥናቶች አንድ ላይ የመረመረ በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣ ሥራ፣ በተለይ የዕውቀት ጽሑፍ በችኮላ ሲነበብ ከስክሪን ይልቅ በወረቀት የተሻለ እንደሚገባ አሳይቷል። ለዚህ ደግሞ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ሠፈርዎ ነው።

ጥያቄ፦ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተምራለሁ። ስልክ ወደ ክፍል እንዳይገባ መከልከል ውጤት ያሻሽላል ወይ?
(መምህር፣ ከስድስት ኪሎ)

መልስ፦ የተከበሩ መምህር፣ በእንግሊዝ አራት ከተሞች በ91 ትምህርት ቤቶች ላይ የተሠራው በ2016 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት፣ ከክልከላው በኋላ ውጤት መጠነኛ መሻሻል እንዳሳየና መሻሻሉም በዋናነት ደካማ በነበሩት ተማሪዎች ላይ እንደታየ፣ ጎበዞቹ ግን እምብዛም እንዳልተለወጡ ይገልጻል። በስዊድን ተመሳሳይ ጥናት ሲደረግ ግን ለውጥ አልተገኘም። ክልከላው ወጪ ስለሌለው እኔ እደግፈዋለሁ። ነገር ግን ቀን ስልኩን ሰብስበው ማታ የቤት ሥራውን በቴሌግራም የሚልኩ ከሆነ፣ ከላይ የጻፉልን እናት ቤት ያለው ነገር በተማሪዎችዎ ቤትም ይኖራል፤ በቤታቸው አንድም ስማርት ስልክ የሌላቸው ልጆች ደግሞ ጥያቄውን ራሱ አያገኙትም። አምስቱን ጥያቄ ከመውጫ ደወሉ በፊት ሰሌዳው ላይ ቢጽፉላቸው ይሻላል።