በ23 ዓመቴ የባሌት መምህር መሆን እችላለሁ?

ጥያቄ፦ የምኖረው ጅማ፣ ሄርማታ አካባቢ ነው። 23 ዓመቴ ነው። ተማሪ እያለሁ የባህል ውዝዋዜ ቡድን ውስጥ ነበርኩ፣ ባሌት የሚባለውን የአውሮፓውያን የመድረክ ዳንስ ግን የማውቀው ከዩቲዩብ ነው። ሕፃናትን ማስተማር እፈልጋለሁ። ዘገየሁ ወይ?

መልስ፦ እህቴ፣ ለትልቅ መድረክ አዎ፣ ዘግይተሻል። ለማስተማር ግን ሌላ ነገር ነው። (ለቤተሰብ ስትነግሪ «ባሌት» በዪ፤ «ባሌ» ካልሽ ሳታገቢ ጉድ ይፈላል!) ቪዲዮ እንቅስቃሴውን ያሳይሻል እንጂ ጉልበትሽ ሲጣመም አያርምሽም፤ ስለዚህ መጀመሪያ አጠገብሽ ሆኖ እያየ የሚያርምሽ መምህር ያስፈልግሻል፣ ይህ ደግሞ አዲስ አበባ መመላለስን ሊጠይቅ ይችላል፣ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነውና ወጪውን አስቢበት። ከዚያ የማስተማሪያ ዘዴ ምረጪ። የሩሲያዊቷ ቫጋኖቫ አለ፣ የጣሊያናዊው ቼኬቲ አለ፤ በፈረንጆቹ 1920 ለንደን የተመሠረተው ሮያል አካዳሚ ኦፍ ዳንስ ደግሞ ተማሪን በየደረጃው ይፈትናል፣ መምህራንንም ያሠለጥናል። የሰውነት አሠራር ማጥናትን አትዝለዪ።

አንድ አደራ፦ የ7 ዓመት ልጅ በእግር ጣቷ ጫፍ እንዳታቆሚ! አጥንቷ ገና ነው። ጠንቃቃ መምህራን ከ11 ወይም 12 ዓመት በፊት አይሞክሩትም፣ ያውም ከዓመታት ልምምድ በኋላ። አንቺ ሠልጥነሽ እስክትጨርሺ የባህል ውዝዋዜውን ለሰፈር ልጆች አስተምሪ፣ 15 ሕፃን ጸጥ ማሰኘት የሚለመደው እዚያው ነው።