ፊት በጥይት ሲጎዳ፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ደብረ ብርሃን ተወልጄ ያደግሁ፣ በመንጋጋና ፊት ቀዶ ሕክምና ክፍል የምሠራ ነርስ ነኝ። ከሰሜን ሸዋ የጻፋችሁልኝን አንድ በአንድ ልመልስ።

ጥያቄ (ከመሐል ሜዳ)፦ ወንድሜ መንጋጋው በጥይት ተሰባብሮ ሪፈር ተጽፎለታል። መንገድ ላይ እንዴት እንያዘው?

መልስ፦ በጀርባው አታስተኙት! መንጋጋ ከፊት በኩል ሲሰበር ምላስን የሚይዝ ነገር አይኖርም። ምላሱ ወደ ኋላ ይወድቅና ጉሮሮውን ይዘጋዋል። ነቅቶ ካለና አንገቱ ካልተጎዳ ተቀምጦ ወደ ፊት ጎንበስ ይበል፤ ደሙና ምራቁ ወደ ውጭ ይፍሰስ። የተንጠለጠለ ሥጋ ካለ ቆርጣችሁ እንዳትጥሉ። ፊት ደም ሥሩ ብዙ ነው፤ አበቃለት ያልነው ቁራጭ ሲተርፍ እናያለን። ወጌሻ ጋ ጎራ ማለቱም ይቅር።

ጥያቄ (ከሸዋ ሮቢት)፦ የጥይቱ ስብርባሪ እህቴ ጉንጭ ውስጥ ቀርቷል። ቸልተኝነት አይደለም?

መልስ፦ አብዛኛውን ጊዜ አይደለም። ፍለጋ ሲቆፈር ፊትን የሚያንቀሳቅሰው ነርቭ ሊቆረጥ ይችላል። መገጣጠሚያ ውስጥ ከገባ ወይም ካመረቀዘ ግን ይወጣል። ኤምአርአይ (በኃይለኛ ማግኔት የሚሠራ ምርመራ) ከታዘዘላት ስብርባሪው ውስጧ እንዳለ ቀድማ ትናገር።

ጥያቄ (ከደብረ ሲና)፦ ለአባቴ ከእግር አጥንት ወስደው መንጋጋ ሊሠሩላቸው ነው። እሳቸው ግን «እግሬንም ሊያሳጡኝ ነው» ብለው እምቢ አሉ።

መልስ፦ ፍርሃታቸው ይገባኛል፤ ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው። ከጉልበት በታች ሁለት አጥንት አለ። ክብደት የሚሸከመው ወፍራሙ ነው። የሚወሰደው በውጭ በኩል ያለው ቀጭኑ ሲሆን፣ ቁርጭምጭሚት እንዳይናጋ የታችኛው ጫፉ ይተዋል። አጥንቱ ከነደም ሥሩ ይወጣል። የመንጋጋ ቅርጽ እንዲይዝ ይቆራረጥና በታይታኒየም ፕሌትና በብሎን ይታሰራል። ከዚያ ዋናው ሥራ ይመጣል፦ ደም ሥሩ በማይክሮስኮፕ እየታየ፣ ከጸጉር በቀጠነ ክር፣ አንገት ላይ ካለው ደም ሥር ጋር ይሰፋል። ጠዋት የተጀመረ ማታ ሊያልቅ ይችላል። የመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች ላይ እኛ ነርሶች እንቅልፍ የለንም። አብሮ የተተከለውን ቆዳ ቀለምና ሙቀት በየሰዓቱ እናያለን። ከገረጣ ወይም ከጠቆረ በሽተኛው ወዲያው ወደ ኦፕራሲዮን ክፍል ይመለሳል። አባትህ ሲጋራ የሚያጨሱ ከሆነ ከአሁኑ ያቁሙ፤ ኒኮቲን ደም ሥር ያጠባል።

ጥያቄ (ከአንኮበር)፦ ከግንባሬ ሥጋ አፍንጫ ሠሩልኝ። እንደ ኩምቢ ተንጠልጥሎ ቀረ።

መልስ፦ አልቀረም፣ ገና ነው። ያ የተንጠለጠለው አፍንጫህን ደም እየመገበ ነው። አዲሱ ቦታ የራሱን ደም ሥር ሲያበቅል፣ ከ3 ሳምንት ገደማ በኋላ ይቆረጣል። ብልሃቱ ጥንት ከህንድ የመጣ ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜም የኒው ዚላንድ ተወላጁ ሐኪም ሃሮልድ ጊሊስ እንግሊዝ አገር ፊታቸው በጥይትና በፍንጣሪ የተጎዳ ወታደሮችን እንዲሁ በደረጃ በደረጃ ነበር የሚሠራላቸው። ቀጠሮህን ብቻ አትዝለል።

ጥያቄ (ከአጣዬ)፦ እንደ ድሮው ይሆናል?

መልስ፦ እንደ ድሮው አይሆንም፤ አልዋሽሽም። መጀመሪያ መተንፈስ፣ መዋጥና መናገር ይስተካከላል። መልክ ከዚያ በኋላ ነው። ጠባሳው ራሱ እስኪረጋ አንድ ዓመትና ከዚያም በላይ ይፈልጋል።

ጥያቄ (ከደብረ ብርሃን)፦ ልጄ ጥርሱ በሽቦ ታስሯል። ምን ላብላው?

መልስ፦ እናቴ፣ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ቀጠን ያለ አጥሚት፣ የተጣራ ሾርባና ወተት ይስጡት። ጾም ነው ካለዎት የንስሐ አባቱ ያነጋግሩት። የሽቦ መቁረጫ ከአጠገቡ አይጥፋ፤ የቱ ጋ እንደሚቆረጥ ከሆስፒታል ሳትወጡ ያሳዩዎት። ቢያስመልሰው ወደ ፊት ያጎንብሱት፤ ትንፋሽ ካጠረው ሽቦውን ቆርጣችሁ ወዲያው ወደ ሆስፒታል።