የዘጌው ረቂቅ ዘውጉ የቱ ነው?

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። 21 ምዕራፍ ያለው ረቂቅ ጨርሰሻል። ጀግናዋ ለአባቷ ተዝካር ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ ትሻገራለች፤ 8ኛው ምዕራፍ ላይ ከገዳሙ ዕቃ ቤት አንድ የብራና መጽሐፍ ይጠፋል፤ ከጀልባ ነጂው ጋር ይዋደዳሉ፤ መሐል ላይ የአያቷ የጣሊያን ዘመን ታሪክ በምልሰት ይመጣል፤ 19ኛው ላይ የመጽሐፉ ነገር ይፈታል። ካነበቡልሽ ሦስት ሰዎች አንዱ የፍቅር፣ አንዱ የወንጀል፣ አንዱ ታሪካዊ ልብ ወለድ ነው ስላሉሽ ማንን ልስማ ብለሻል።

ለጊዜው ጡዘቱን፣ ማለትም ታሪኩ ጫፍ የሚደርስበትን ቦታ፣ ስሚ። የአንባቢን ልብ ሰቅሎ ያቆየው ጥያቄ የሚመለሰው እዚያ ነው። የአንቺ ጡዘት "መጽሐፉን ማን ወሰደው?" የሚለውን ስለሚመልስ በእኔ እምነት በእጅሽ ያለው የምርመራ ልብ ወለድ ነው። ግን ራስሽ አረጋግጪ።

ረቂቁን ሁለት ሦስት ሳምንት አስቀምጪውና በወረቀት አትመሽ፣ እስክሪብቶ ሳትይዢ፣ በሁለት ወይም በሦስት ቁጭታ አንብቢው። በሁለተኛው ንባብ ለእያንዳንዱ ትዕይንት አንድ መስመር ጻፊ፦ ገጸ ባሕርይዋ ምን ፈለገች፣ ምን ተለወጠ፣ አንባቢው ምን ለማወቅ ጓጓ። ዋናው ሦስተኛው ጥያቄ ነው። ብዛት አያታልልሽ፤ የፍቅሩ ትዕይንቶች ስለ ጠፋው መጽሐፍ ካሉት ትዕይንቶች እጥፍ ሊሆኑ ይችላሉ። የሚመዝነው ቦታቸው ነው፦ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ትዕይንቶች፣ መሐል ላይ ነገሩ የሚታጠፍበት፣ እና ጡዘቱ።

ለታሪካዊው ደግሞ ዘመኑን አንቀሳቅሺው። የአያትየውን ምልሰት ከ1928–1933 ዓ.ም. አውጥተሽ ደርግ ዘመን ብታስገቢው የዛሬው ግጭት ምንም ካልሆነ፣ ታሪኩ ማጀቢያ እንጂ ዘውግ አይደለም።

የምርመራ ልብ ወለድ መሆኑ ከታወቀ ግን ሥራው ይበዛል። መጽሐፉ 8ኛው ምዕራፍ ድረስ ሳይጠፋ መቆየት የለበትም፤ ሰባት ምዕራፍ ሙሉ የፍቅር ታሪክ ያነበበ ሰው በድንገት ሌባ ፈልግ ሲባል ይከፋዋል። ወደ 2ኛው ወይም 3ኛው ሳቢው። ወሳጁም እስከ 5ኛው ምዕራፍ ድረስ በዕለት ሥራው ላይ መታየት አለበት። ንግሩን፣ ማለትም በኋላ ለሚመጣው አስቀድሞ የሚጣለውን ፍንጭ፣ አንባቢው ሌላ ነገር እያየ ሳለ አስገቢው። ለምሳሌ መጻሕፍቱ በማኅደር (በቆዳ መያዣቸው) ሆነው ዕቃ ቤቱ ግድግዳ ላይ ተንጠልጥለዋል እንበል፤ ወሳጁ ባዶውን ማኅደር ካንጠልጣይው ላይ ከተወው መጽሐፉ መጥፋቱ የሚታወቀው ሊነበብ ሲወርድ ነው። መጽሐፉ በተወሰደበት ሌሊት የሞተር ድምፅ ካልተሰማ የተሻገረው በታንኳ ነው፤ የደንገል ታንኳ ደግሞ ውኃ ስለሚጠጣ ጠዋት ዳር ላይ ቆሞ ሲደርቅ ይታያል። ጀግናሽ አጠገቡ ቆማ ስለ ተዝካሩ ጠላ እያወራች ትለፈው።

ፍቅሩን አታውጪው፤ ሥራ ስጪው። ጣና ደሴት ላይ ያለው የክብራን ገብርኤል ገዳም ሴት አይገባበትም። ፍንጩ ወደዚያ ከመራ እሷ ጀልባው ላይ ትቀራለች፤ ነጂው ገብቶ ያየውን ይነግራታል፣ እሷም ልታምነው ይገባል። ያ ሌሊት ማን እንደተሻገረ እያወቀ ዝም ካለ ደግሞ ዝምታው ምርመራውንም ፍቅሩንም አንድ ላይ ያንቃል። እኔ በጣም የምወደው ይህን ዓይነቱን ቋጠሮ ነው፤ ሁለቱ ክሮች ሳይነጣጠሉ ይከራሉ።

ብዙ ረቂቅ የሚበላሸው እዚህ ደረጃ ላይ ነው። ወንጀል መሆኑን ሲያውቁ 12ኛው ምዕራፍ ላይ አስከሬን የሚጨምሩ አሉ፤ የአንቺ ታሪክ ግድያ አያስፈልገውም፣ የአንድ ገዳም ቅርስ መጥፋት በቂ ክብደት አለው። ሌላው የዘጌን ታሪክ በአምስት ገጽ ማስረዳት ነው፤ ከምርመራው ጋር የማይገናኘውን አውጪ። ፍንጩን ከመፍትሔው አንድ ምዕራፍ ቀደም ብሎ ብቻ ማስቀመጥም አንባቢን ማታለል ነው።

እርማቱን ከጡዘቱ ጀምረሽ ወደ ኋላ ሂጂ፤ አሮጌውን ቅጂ ለብቻው አስቀምጪ። ከዚያ ላላነበቡት ሦስት ሰዎች የመጀመሪያዎቹን ሦስት ምዕራፎች ብቻ ስጪና "ዘውጉ ምንድን ነው?" ሳይሆን "አሁን ምን ማወቅ ትፈልጋላችሁ?" ብለሽ ጠይቂ። ሁለቱ ስለ መጽሐፉ ካልጠየቁ መክፈቻው ገና ነው። የቋንቋ እርማቱን ከዚህ በፊት አትጀምሪ፤ ነገ በሚወጣ ምዕራፍ ላይ ሥርዓተ ነጥብ ስታስተካክዪ ትደክሚያለሽ።