መልስ፦ ለማሲንቆና ለድምፅ 48 ወይስ 96?

ሰላም ወንድሜ። ደብረ ብርሃን ቤትህ ውስጥ ማሲንቆና የዘፋኝ ድምፅ ልትቀዳ ነው፤ 44.1፣ 48 ወይስ 96 ኪሎኸርዝ? 16 ቢት ወይስ 24? ብለሃል። ኪሎኸርዙ ድምፁ በሰከንድ ስንት ሺህ ጊዜ እንደሚለካ ነው፤ ቢቱ ደግሞ እያንዳንዱ ልክ ምን ያህል በዝርዝር እንደሚመዘገብ። በ24 ቢትና በ48 ኪሎኸርዝ ጀምር።

ዋናው ቢቱ ነው። 16 ቢት በዝቅተኛውና በከፍተኛው ድምፅ መካከል ወደ 96 ዲሲቤል ስፋት አለው፤ 24 ቢት በስሌት 144። ስለዚህ ድምፁን ቀዩ የማስጠንቀቂያ መብራት እስኪበራ መግፋት አያስፈልግህም። ማሲንቆ በቀስታ ሲያዜም ቆይቶ ድንገት ይጮኻል። ዘፋኙም እንደዚያው። በጣም የሚጮኸው ቦታ ከዜሮ (ከቅጂው ጣሪያ) በታች 12 ዲሲቤል አካባቢ እንዲቀር ጌይኑን (የማይኩን የድምፅ መቀበያ መጠን) ቀንሰው። አንዴ የተሰነጠቀ ድምፅ በሚክሲንግ (ትራኮቹን ስታዋህድ) አይድንም። እኔ አንድ ሙሉ የሽለላ ቅጂ እንዲህ አበላሽቼ እስካሁን ይቆጨኛል።

96ን ተወው። የሰው ጆሮ ቢበዛ እስከ 20 ኪሎኸርዝ የሚቀጥን ድምፅ ነው የሚሰማው፤ 48 ደግሞ እስከ ግማሹ፣ እስከ 24 ኪሎኸርዝ ድረስ ይይዛል። በ24 ቢት አንድ ሞኖ ትራክ በደቂቃ 8.6 ሜጋባይት ገደማ ነው፤ በ96 እጥፍ ይሆናል። ያ አሮጌ ላፕቶፕህ አይችለውም።

ሚክስ ስታደርግም እዚያው 48 ላይ ቆይ። ፕሮግራምህ 32 ቢት ፍሎት (ድምፁ ከጣሪያው ቢያልፍም በስሌቱ ውስጥ የማይሰነጠቅበት አሠራር) ካለው እሱን ምረጥ። ሲዲ ከተፈለገ ብቻ፣ መጨረሻ ላይ ዲዘር (ቢት ሲቀነስ የሚመጣውን ሻካራነት የሚሸፍን ትንሽ ሹሹታ) አብርተህ ወደ 44.1 እና 16 ቢት ቀይር። ለቪዲዮ ከሆነ 48 ራሱ ነው የሚፈለገው።

ደግሞ የአገራችንን ነፋስ አትርሳ! ከቁጥሩ ሁሉ ቀድሞ የሚሰማው እሱ ነው። የመንዝ ባና ካለህ አጥፈህ መስኮቱ ላይ ስቀለው፣ ከዚያ አንድ ደቂቃ ዝምታ ቀድተህ በጆሮ ማዳመጫ ስማው።